በአንድ ተራራ ሁለት ጎን፤ የሙቀትና የውርጭ ታሪክ በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ

አበው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። አርሶ አደሩ መሬቱን በበሬው ያርሳል፤ ከሰማይ የሚመጣውን ዝናብ፣ ሙቀትና ውርጭ ግን እንዳመጣጡ ከመቀበል ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ዛሬም ሰማይ አይታረስም። ይሁን እንጂ ይለካል። የተለካ ነገር ይመዘገባል፤ የተመዘገበ ነገር ደግሞ ለተከታዩ ዓመት እቅድና ለተከታዩ ትውልድ ትምህርት ይሆናል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች የምሥረታ በዓላቸውን ሲያከብሩ ያሰራጩትን ማዳበሪያና ምርጥ ዘር፣ የገዙትን እህል በኩንታል፣ ለአባላት ያከፋፈሉትን የትርፍ ድርሻ በብር ቆጥረው ያቀርባሉ። ይህ የሚያኮራ ታሪክ ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ ኩንታል በተመረተባቸው ዓመታት ቀኑ እስከ ስንት ዲግሪ እንደሞቀ፣ ሌሊቱ እስከ ስንት እንደቀዘቀዘ በብዙ ማኅበራት መዝገብ ላይ አይገኝም። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚህ በተዘለለው የታሪክ ክፍል ላይ ነው። ሙቀት በመላው ዓለም እየጨመረ መሆኑ የታወቀ ቢሆንም ጭማሪው ለወልቂጤና ለቡታጅራ፣ ለግቤ ቆላና ለጉመር ደጋ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም።

የተራራው ሁለት ጎን

የጉራጌ ተራሮች ከሰሜን ወደ ደቡብ ተዘርግተው አካባቢውን ለሁለት ይከፍሉታል። ከፍተኛው ክፍላቸው በዘቢዳር ላይ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,700 ሜትር ያልፋል። ወልቂጤ ከተራራው በስተምዕራብ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች፤ ከፍታዋም ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል። ቡታጅራ በተራራው ምሥራቃዊ ግርጌ፣ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን ከፍታዋ ወደ 2,100 ሜትር ነው።

የሁለቱ ከተሞች ልዩነት በወንዞቻቸውም ይታወቃል። በወልቂጤ በኩል የሚወርደው የዋቤ ወንዝ ግቤን ይቀላቀላል፤ ከዚያም በኦሞ በኩል እስከ ቱርካና ሐይቅ ይጓዛል። በቡታጅራ በኩል ከተራራው የሚነሣው የመቂ ወንዝ ግን ወደ ስምጥ ሸለቆ ወርዶ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። በመሆኑም ምዕራቡ ጎን ወደ እርጥበታማው የግቤ ተፋሰስ፣ ምሥራቁ ጎን ወደ ደረቁ ስምጥ ሸለቆ ያዘነብላል።

የአስተዳደር ታሪኩም ይህንኑ ተከትሏል ማለት ይቻላል። ቀደም ሲል አካባቢው በሸዋ ሥር በነበረበት ጊዜ የወልቂጤ ወገን በጨቦና ጉራጌ አውራጃ፣ የቡታጅራ ወገን በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ይተዳደሩ ነበር። በኋላም ሁለቱም በደቡብ ክልል በጉራጌ ዞን ሥር ሆነው መቀመጫው ወልቂጤ ሆነ። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም ሲመሠረት ደግሞ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። ወሰኑ በየዘመኑ ቢቀያየርም ተራራው ከቦታው አልተነቃነቀም። ሙቀትና ውርጭ የሚከተሉት የአስተዳደር ወሰንን ሳይሆን ተራራውን ነው።

ከመለኪያ በፊት የነበረ እውቀት

የሀገራችን አርሶ አደር ቴርሞሜትር ከመምጣቱ በፊት አየሩን በከፍታ ከፋፍሎ ያውቅ ነበር። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ የሚሉት ስሞች የዚህ እውቀት ውጤቶች ናቸው። ሳይንሱም ይህንኑ ያረጋግጣል። በአማካይ ሲታይ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት ከ6 እስከ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል። የጅማ መንገድ ግቤን የሚሻገርበት ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ እስከ ዘቢዳር ጫፍ ያለው የከፍታ ልዩነት 2,600 ሜትር ስለሚሆን በሁለቱ መካከል በአንድ ቀን ወደ 16 ዲግሪ የሚደርስ የሙቀት ልዩነት ሊኖር ይችላል ማለት ነው። በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ በማይሞላ ርቀት ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት መኖሩ አካባቢውን ልዩ ያደርገዋል።

እንሰትም የዚህ እውቀት ምስክር ነው። ተክሉ ከ1,200 ሜትር ጀምሮ እስከ 3,100 ሜትር ሊበቅል የሚችል ሲሆን በተለይ የሚስማማው ከ2,000 እስከ 2,750 ሜትር ያለው ከፍታ ነው። ከዚህ በላይ ሲወጣ ውርጭ ቅጠሉን ያቃጥለዋል፤ እድገቱም ይዘገያል። ወደ ቆላ ሲወርድ ደግሞ ሙቀትና የውኃ እጥረት ይፈትኑታል። አያቶቻችን እንሰትን ከቤት ጓሮ ተክለው፣ ከደጅ ሰፊውን ጀፎረ በሣርና በዛፍ ጠብቀው ማቆየታቸው ለውበት ብቻ አልነበረም። የእንሰቱ ጥላና የጀፎረው ዛፍ የቀኑን ሐሩርና የሌሊቱን ብርድ ያለዝባሉ።

ከዚህ የከፍታ ሕግ አንድ ጠቃሚ ስሌት ይገኛል። የአንድ አካባቢ አማካይ ሙቀት በ1 ዲግሪ ከጨመረ የቆላው ወሰን ወደ 150 ሜትር ገደማ ወደ ላይ ወጣ ማለት ነው። ትናንት በ1,750 ሜትር ላይ ይገኝ የነበረ አየር ዛሬ በ1,900 ሜትር፣ ማለትም በወልቂጤ ከፍታ ላይ ይገኛል።

የ1951 ዓ.ም ትምህርት

የከፍታ ወሰን ሲሻር ምን እንደሚከተል ኢትዮጵያ በከባድ ዋጋ ተምራለች። በ1950 ዓ.ም መጨረሻና በ1951 ዓ.ም መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. በ1958) በሀገሪቱ ከፍተኛ ቦታዎች የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። በሽታው በተለይ የተስፋፋው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው አካባቢዎች ነበር። በወቅቱ በተደረገው ግምት ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል ሕይወቱን አጥቷል። ያ ዓመት ከወትሮው የበለጠ ዝናብ የጣለበት፣ ሙቀቱና የአየሩ እርጥበትም ከተለመደው በላይ የነበረበት ዓመት መሆኑን ወረርሽኙን ያጠኑ ባለሙያዎች ጽፈዋል። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመውም ከዚህ እልቂት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። የወልቂጤም ሆነ የቡታጅራ ከፍታ ወረርሽኙ በተስፋፋበት የከፍታ ክልል ውስጥ እንደሚገኝ ልብ ይሏል።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። በዚያ ዓመት የወይና ደጋው ሙቀት ከግቤ ወይም ከአዋሽ ቆላ ሙቀት አልበለጠም። ቆላው ዘወትር ከዚያ የበለጠ ይሞቃል። የቆላው ነዋሪ ግን በሽታውን ለምዶት በተወሰነ ደረጃ የመቋቋም አቅም ነበረው፤ ወይና ደጋው አልነበረውም። ስለዚህ ብዙ ሰው የሞተው እጅግ በሞቀው ቦታ ሳይሆን ከልማዱ ውጭ በሞቀው ቦታ ነው።

ይህ ነገር በሌላውም ዓለም ታይቷል። በአፋር የሚገኘው ዳሎል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተወሰደ ልኬት ዓመታዊ አማካይ ሙቀቱ ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ በዓለም የታወቀ ቦታ ነው። በዚህ በረሃ አሞሌ የሚቆርጡና በግመል የሚነግዱ ሰዎች ሥራቸውን ከሙቀቱ ጋር አስማምተው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የበጋ ወራት ግን በአውሮፓ ለአፋር ብርቅ ያልሆነ ሙቀት ለጥቂት ሳምንታት ሲከሰት ከ70,000 በላይ ሰው እንደሞተ ተጠንቷል። ቤቶቹ፣ ሆስፒታሎቹና የሕዝቡ አኗኗር ለዚያ አልተዘጋጁምና። የሙቀትም ሆነ የብርድ ክፋት የሚለካው ቦታው ከለመደው ጋር ተነጻጽሮ ነው። ይህ ለእርሻም ሙሉ በሙሉ ይሠራል።

መለኪያው ምን ይላል?

የአየር ጠባይን በተደራጀ ሁኔታ መመዝገብ በሀገራችን ከአቪዬሽን ሥራ ጋር ተያይዞ ተጀመረ። በታኅሣሥ 1973 ዓ.ም የብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ድርጅት ራሱን ችሎ በአዋጅ ተቋቋመ። ይኸው ተቋም ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። ጣቢያዎቹ በደረጃ የተከፋፈሉ ሲሆን ዝቅተኛው ደረጃ የያዙት ዝናብን ብቻ ይለካሉ፤ ሙቀት አይለኩም። በተራራማ አካባቢ የአንዱ ሸለቆ ሙቀት ለሌላው ስለማይሠራ የሙቀት መለኪያ ጣቢያ ማነሱ ከሜዳማ አካባቢ ይልቅ እዚህ ይጎዳል። ክፍተቱን ለማጥበብ ተቋሙ ከውጭ የምርምር ተቋማት ጋር በመተባበር የጣቢያዎችን መረጃ ከሳተላይት መረጃ ጋር አዋሕዶ በየ4 ኪሎ ሜትሩ የዝናብና የሙቀት ግምት ማዘጋጀት ችሏል።

በሀገር ደረጃ የተገኘው ውጤት ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የመላመድ ፕሮግራም ባለፉት 55 ዓመታት የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት በየ10 ዓመቱ በአማካይ 0.37 ዲግሪ እየጨመረ መምጣቱን ገልጿል። በሌላ ጥናት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 የሀገሪቱ አማካይ ሙቀት 1.3 ዲግሪ እንደጨመረ ተመልክቷል። ከላይ በተገለጸው ስሌት መሠረት ይህ ወደ 200 ሜትር የሚጠጋ የወሰን ሽቅብታ ነው።

ከሁሉ በላይ ለአርሶ አደሩ ትኩረት የሚገባው በቀንና በሌሊት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከላይ የተጠቀሰው ሁለተኛው ጥናት እንዳመለከተው እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2003 ባለው ጊዜ በዓመት ውስጥ የሚቆጠሩ ሞቃት ቀናት በ73 ሲጨምሩ ሞቃት ሌሊቶች በ137 ጨምረዋል። ቀዝቃዛ ቀናት በ21፣ ቀዝቃዛ ሌሊቶች በ41 ቀንሰዋል። እዚህ ላይ «ሞቃት» የሚባለው ለዚያ አካባቢና ለዚያ ወቅት ከተለመደው ወጣ ያለ ሙቀት ነው። ለግቤ ሞቃት የሚባለውና ለጉመር ሞቃት የሚባለው በዲግሪ ይለያያሉ ማለት ነው። አርሶ አደሩ ፀሐይን ቀና ብሎ አይቶ «ዘንድሮ ሞቀ» ይላል፤ ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን እሱ ተኝቶ ሳለ ነው።

በወልቂጤ በኩል

አበሽጌ፣ ቀቤና፣ ቸሃና እነሞር ወደ ግቤ ሸለቆ የሚወርዱ መሬቶች አሏቸው። በግቤ ቆላ ለም መሬት ለረጅም ጊዜ ሳይታረስ የቆየበት ዋና ምክንያት ወባና የከብት ገንዲ በሽታ ነበሩ። ገንዲን የሚያስተላልፈው የፄፄ ዝንብ ሞቃትና ጥላ ያለበትን ሸለቆ ይወዳል፤ ወደ ቀዝቃዛው ከፍታ አይወጣም። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ማዕከል በዚህ ሸለቆ በገንዲ ላይ ጥናት አካሂዷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በከብት ጀርባ ላይ በሚፈስ ፀረ ዝንብ መድኃኒት ዝንቡ ሲቀንስ በሬዎች መኖር ጀመሩ፤ የሚታረሰውም መሬት ሰፋ። ይህ ታላቅ ድል ነው። በአንጻሩ ከዝንቡ ጋር ዛፉም ስለተመነጠረ ሸለቆው ጥላውን አጥቷል።

ከሸለቆው ከፍ ብሎ ባለው ወይና ደጋ ዋናው ጉዳይ ቡና ነው። የቡና ፍሬን ቦርቡራ የምትገባ ትንሽ ጥንዚዛ አለች። ይህች ተባይ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን አትራባም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ከወልቂጤ በዚሁ መንገድ ወደፊት በምትገኘው ጅማ አካባቢ ያለውን መረጃ መርምሮ እንዳመለከተው ከ1984 በፊት የአካባቢው ቅዝቃዜ ጥንዚዛዋ በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ እንድታፈራ አያስችላትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በዓመት አንድ ወይም ሁለት ትውልድ ለማፍራት የሚበቃ ሙቀት ተገኝቷል። እዚህ ላይ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ብዙም ለውጥ ሳያሳይ የሌሊቱ ቅዝቃዜ መላላቱ ብቻ ለተባይ በር ሊከፍት እንደሚችል እንረዳለን።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት በኢትዮጵያ አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው ምንም እርምጃ ካልተወሰደ በዚህ ምዕተ ዓመት ለቡና የማይስማማ ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። በሌላ በኩል ለቡና የሚስማማ አየር ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ ያው ጥናት ያሳያል። በወልቂጤ በኩል የቡና ችግኝ የሚያከፋፍል ማኅበር ዛሬ የሚተክለው ዛፍ ሠላሳ ዓመት እንደሚቆይ አስቦ ለዝቅተኛው ቦታ የጥላ ዛፍ፣ ለከፍተኛው ቦታ አዲስ ችግኝ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

በቡታጅራ በኩል

መስቃን፣ ማረቆና ሶዶ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይመለከታሉ። ማረቆ በበርበሬው የታወቀ ሲሆን ማረቆ ፋና የተባለው ዝርያ የአካባቢውን ስም በመላ ሀገሪቱ አስጠርቷል። በዚህ ወገን ከፍተኛው ሙቀት የሚታየው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። ይህ ወቅት የበርበሬ ችግኝ በመደብ ላይ የሚፈላበት፣ በመስኖ የሚለማው አትክልት ደግሞ አበባ የሚይዝበት ወቅት ነው። የበርበሬ አበባ ቀኑ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። አማካይ ሙቀቱ ለበርበሬ የሚስማማ በሆነ ዓመት እንኳ በአበባ ጊዜ የሚመጡ አምስትና ስድስት የሐሩር ቀናት ምርቱን ሊያሳንሱት ይችላሉ። ወርኃዊ አማካይ ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ጉዳት አያየውም።

በቡታጅራ አካባቢ የሙቀት ለውጥ በጤና በኩልም ተጠንቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ትብብር በ1970ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ለብዙ ዓመታት የነዋሪውን ልደት፣ ሞትና በሽታ ሲመዘግብ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 በዚሁ አካባቢ ከ1,800 እስከ 2,300 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቀበሌዎች በተደረገ የወባ ጥናት በሽታው በከፍተኛዎቹ ቦታዎችም መተላለፉ ታይቷል። ከተገኙት ሕሙማን አብዛኞቹ ቪቫክስ በተባለው ተሐዋሲ የተያዙ ነበሩ። ፋልሲፋረም የተባለው አደገኛ ዓይነት በትንኟ ሰውነት ውስጥ ለማደግ ወደ 18 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ሲፈልግ ቪቫክስ ከዚያ ባነሰ ሙቀትም ያድጋል። ስለዚህ በየጊዜው ከፍ ወዳለው ቦታ ቀድሞ የሚወጣው ቪቫክስ ነው ብሎ መገመት ይቻላል።

በቢሾፍቱ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2005 ያለውን መዝገብ የመረመረና በ2014 የታተመ ጥናትም ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ፣ ቀዝቃዛ በሆኑት እንደሚወርድ አረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ለዚህ ግጭት፣ የአዲስ ትንኝ ዝርያ መምጣትና የመድኃኒት መላመድ ድርሻ ያላቸው ሲሆን የአየር ለውጥም አንዱ ምክንያት ተደርጎ ይጠቀሳል። ወባ በአዝመራ ሰዓት ሲገባ ለኅብረት ሥራ ማኅበር የሚኖረው ትርጉም ግልጽ ነው። የታመመ አባል አያርምም፣ አያጭድም፤ ብድሩንም በወቅቱ አይመልስም።

ደጋውና ውርጩ

ስለ ሙቀት መጨመር ሲወራ የጉመር፣ የጌታና የእዣ ደጋ አርሶ አደር «እኛን ብርዱ ነው የሚጎዳን» ቢል ስህተት የለበትም። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በማይኖርበት ሌሊት መሬት በቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ረባዳው ይወርድና እዚያ ይተኛል። በዚህም ምክንያት በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንኳ በተዳፋቱ ላይ ያለው ድንች ሲተርፍ በረባዳው ያለው ነጭ ሆኖ ያድራል። ቀዝቃዛ ሌሊቶች ቁጥራቸው ቀነሰ ማለት ውርጭ ቀረ ማለት አይደለም። እንዲያውም ውርጭ አልፎ አልፎ ብቻ ሲመጣ ሰው ይዘናጋል፤ ችግኙን አይሸፍንም፤ ድንቹንም በረባዳ ቦታ ይተክላል። ዝናብ ያጠረበት ደረቅ ዓመትም ሰማዩን ስለሚያጠራ በቀን ሐሩር፣ በሌሊት ውርጭ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

በሌላ በኩል ለደጋው ጥቅምም አለ። ቀድሞ በብርድ ምክንያት የማይሞከሩ ሰብሎች አሁን መብቀል ጀምረዋል። ነገር ግን ሰብሉ ወደ ላይ ሲወጣ ተባዩም ይከተለዋል። ሌሊቱ ሲሞቅ ስንዴና ገብስ በቶሎ ይደርሳሉ፤ ፍሬያቸው ግን ለመሙላት የሚያገኘው ጊዜ ስለሚያጥር ሊቀጭጭ ይችላል።

ማንኛውንም ችግር ሁሉ በሙቀት ማሳበብም ተገቢ አይደለም። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ለምሳሌ በባክቴሪያ የሚመጣና በዋናነት በተበከለ ቢላና በታመመ ችግኝ የሚተላለፍ ነው። መፍትሔውም ቢላን በእሳት ማጽዳት፣ የታመመውን ነቅሎ ማስወገድና ጤነኛ ችግኝ መትከል ነው። የትኛው ችግር ከአየሩ፣ የትኛው ከአሠራር እንደመጣ ለመለየትም የተመዘገበ መረጃ ያስፈልጋል።

ከኅብረት ሥራ ማኅበራት ምን ይጠበቃል?

በአዋጅ ቁጥር 147/1991 መሠረት በአዲስ መልክ የተደራጁት፣ አሁን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚመሩት የኅብረት ሥራ ማኅበራት አንድ ትልቅ ሀብት አላቸው። በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ ጸሐፊ፣ መጋዘንና መዝገብ አላቸው። የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ በየቀበሌው ማቋቋም ባይቻልም መሠረታዊ ማኅበር ግን በአብዛኛው ቀበሌ አለ። ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን ማከናወን ይቻላል።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር የቀኑን ከፍተኛና የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት የሚያሳይ ቴርሞሜትር ቢኖረው። መሣሪያው ፀሐይ እንዳያገኘው አየር በሚያስገባ ነጭ ቀለም በተቀባ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ሆኖ፣ ከመሬት በ1.5 ሜትር ከፍታ፣ በሣር ላይ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያና ከግድግዳ ራቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። የገንዘብ መዝገብ በየቀኑ እንደሚዘጋ ሁሉ ይህም በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይመዝገብ። ከጎኑ ውርጭ የጣለበት ቀን፣ አበባ የታየበት ቀንና ተባይ የገባበት ቀን ይጻፍ። አምስትና አሥር ዓመት የተጠራቀመ እንዲህ ያለ መዝገብ ለማኅበሩ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ይጠቅመዋል፤ ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ለሚቲዎሮሎጂና ለወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ጠቃሚ መነሻ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የግብዓት ፍላጎት በወረዳ ደረጃ በአንድ ላይ ከመሰብሰቡ በፊት በከፍታ ቢከፋፈል። ለግቤ ዳር፣ ለወይና ደጋውና ለደጋው አንድ ዓይነት የዘር ዝርያ በአንድ ቀን ማከፋፈል ለመጋዘን ሠራተኛ ይቀላል፤ ለአባሉ ግን ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ቶሎ የሚደርሰው ዝርያ ለየትኛው፣ ውርጭን የሚያመልጠው የዘር ጊዜ ለየትኛው እንደሆነ አባላት በጠቅላላ ጉባኤ ሊነጋገሩበት ይገባል።

ሦስተኛ፣ የመጋዘን ጉዳይ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ኮርኒስ የሌለው መጋዘን በየካቲትና በመጋቢት ከውጭው አየር በጣም ይሞቃል። ነቀዝ ወደ 15 ዲግሪ በሚጠጋ ቅዝቃዜ ብዙም የማይራባ ሲሆን ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ሙቀት ግን በፍጥነት ይበዛል። ዘርም ሙቀት በ5 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር የሚቆይበት ዕድሜ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ በሙያው የታወቀ ነው። ዩኒየኖች ደጋ ላይ መጋዘን ያላቸው ከሆነ ለዘር የሚሆነውን እዚያ ማቆየት ያለ ተጨማሪ ወጪ የሚገኝ ጥቅም ነው። በቆላ ያሉት ደግሞ ከጣሪያ ሥር ኮርኒስ፣ ከላይ የአየር መውጫ፣ ከዙሪያ ጥላ ዛፍ ያስፈልጋቸዋል።

አራተኛ፣ የጀፎረ ዛፎችና የጓሮ እንሰት እንዳይመናመኑ የማኅበራቱ መተዳደሪያና የቀበሌው ደንብ ቢደጋገፉ። እነዚህ ነገሮች ተራ ጥላ መስለው ቢታዩም በየመንደሩ የሐሩርና የውርጭ መከላከያ ናቸው።

በ1951 ዓ.ም የወይና ደጋው ነዋሪ ወባ ወደ ከፍታው እየወጣ መሆኑን የሚነግረው አልነበረም። ጎረቤቱ ሲወድቅ ነው ያወቀው። የዛሬው ትውልድ ያ ምክንያት የለውም። መለኪያው ርካሽ ነው፤ ማንበብና መጻፍ የሚችል ወጣት በየቀበሌው አለ፤ መዝገብ መያዝም የኅብረት ሥራ ማኅበራት የዘወትር ተግባር ነው። በሚቀጥለው የምሥረታ በዓል ከኩንታልና ከብሩ ቁጥር ጎን የእያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር የሙቀትና የውርጭ መዝገብ ቢቀርብ፣ በወልቂጤና በቡታጅራ፣ በቆላውና በደጋው ያሉ አባላት አንዱ የሌላውን ሁኔታ አይቶ ለመማር ይችላል።